«ዕድሉ ነው» ማለት ይብቃን!

አዝመራው ሲገባ ከሉማሜና ከአካባቢዋ የገበሬ ልጅ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ይዘልቃል። እዚያም በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሞ የሰው ፎቅ ይሠራል። አንድ ቀን ሚስማሩ ይለቅና ይወድቃል። እኛስ ምን እንላለን? «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው!»

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ አባባል ከመወጣጫው የባሰ የበሰበሰ ነው! ከ5 ሜትር የወደቀ ሰው በ1 ሴኮንድ ግድም መሬት ይደርሳል፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ዕድል አይደለም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የጸና መወጣጫ፣ የዳር መከለያ፣ ሄልሜትና የደኅንነት ቀበቶ።

የአገር ሕግም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል፤ በአንቀጽ 96 ደግሞ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው ይላል። ታዲያ «ዕድል» የሚለው ቃል የሚጠቅመው ማንን ነው? ቀበቶ ያልገዛውን ኮንትራክተር አይደለምን?

«በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እያሉ የሚተርቱበትም አሉ። ገደሉን ማጠር የማን ግዴታ ነበር?

የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ! ነገ ፊርማው የእናንተ ነውና መወጣጫውን ሳትመረምሩ አትፈርሙ። የሕግ ተማሪዎችም በክረምት አገር ቤት ስትገቡ ለመንገደኛው ወጣት አዋጁን አንብቡለት። መምህራን ሆይ፣ ይህን በክፍል አስተምሩን። ዕድልን መውቀስ ይብቃ፤ ተጠያቂውን እንጠይቅ!