ቆርጠን የጣልነው ደም ሥር

ባለፈው ወር በአናቶሚ ክፍል አምስት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንሠራ ያደረግነውን ስሕተት ሳልናገር ብቀር ኅሊናዬ አያርፍም። የግራውን ኩላሊት ሞራ ገፍፈን፣ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር ስንከተል፣ መጽሐፉ እንደሚለው በአኦርታ ፊት ለፊት ሲያልፍ አገኘነው፤ ደስም አለን። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ግን ሌላ ቀጭን ሥር ወደ አኦርታው ጀርባ ይገባ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ይህ በሥዕሉ ላይ የለም» አለ። መቀሱ በእጄ ነበርና ቆረጥሁት። ፈተና ስለ ቀረበ፣ አስከሬኑ መጽሐፉን እንዲመስልልን ፈልገን ነበር።

ማታ መጽሐፉን ሳገላብጥ በደቃቅ ፊደል የታተመ አንቀጽ አገኘሁ። ያ የቆረጥሁት ሥር የታወቀ ነገር ኖሯል፤ አኦርታን እንደ አንገትጌ ከፊትም ከኋላም የሚከብ የኩላሊት ደም መልስ ነው።

የሕክምና ተማሪ ላልሆኑት አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የቀኝ ኩላሊት ደም መልስ አጭር ነው፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የግራው ግን አኦርታን ተሻግሮ መሄድ ስላለበት ከ6 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ይህ በብዙው ሰው የሚታየው ነው። በአንዳንዱ ሰው ግን በቀኝ በኩል ሁለት ወይም ሦስት ደም መልስ ይገኛል። በሌላው የግራው በአኦርታ ጀርባ ብቻ ያልፋል፤ በሌላው ደግሞ እንደ እኛው አስከሬን ዙሪያውን ይከባል። ምክንያቱም በፅንስነት ጊዜ ሁላችንም በአኦርታ ዙሪያ የሥር ቀለበት አለን። እንደ ልማዱ የኋላው ይጠፋል፣ የፊተኛው ይቀራል። ሁለቱም ከቀሩ ቀለበቱ እንዳለ ይኖራል፤ የፊተኛው ከጠፋም የኋላው ብቻውን ይቀራል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ሊያረጅ ይችላል።

አደጋው የሚመጣው ሐኪሙም ሳያውቀው ሲቀር ነው። ያበጠ አኦርታ ለመጠገን ሆድ የከፈተ ሐኪም ከኋላ የተደበቀውን ሥር ቢበጥስ፣ ደሙ ከማይታይ ስፍራ ይፈስሳልና ለማቆም እጅግ ያስቸግራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት አባቶች ይህን ያዩ ይመስላል።

የኩላሊት ንቅለ ተከላንም እናስብ። በ1954 እ.ኤ.አ. በቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሪ ከአንድ መንታ ወንድም ወደ ሌላው ኩላሊት አዛውረው ተሳካላቸው። በአገራችንም በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በሕይወት ካለ ዘመድ በተሰጠ ኩላሊት ይህ ሥራ ተጀምሯል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የግራውን ኩላሊት የሚመርጡት ደም መልሱ ረጅም ስለ ሆነ ነው። ሥራቸውን የሚያከብደው ቀለበትም የሚገኘው በዚያው በግራ በኩል ነው። በጠረጴዛው ላይ የሚተኛውም ሕመምተኛ ሳይሆን፣ ለወንድሙ ወይም ለልጁ ሲል አካሉን የሰጠ ጤነኛ ሰው ነው።

«ዛሬ ሲቲ ስካን አለ፤ ሁሉንም አስቀድሞ ያሳያል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ያሳያል። ነገር ግን የሚያሳየው ምን እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ዓይን ነው። በሥዕሉ ላይ ያልተሣለውን ሁሉ ቆርጦ መጣል የለመደ ተማሪ፣ ነገ በፊልሙ ላይ ያንኑ ሥር አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። በአደጋ ሆዱ ተወግቶ የመጣ ሰውም ፊልም እስኪነሣ ላይቆይ ይችላል።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በየጠረጴዛው አንድ ደብተር ይቀመጥ። እንግዳ ነገር ያገኘ ሁሉ መቀስ ከማንሣቱ በፊት ይሣለው፤ ቀኝ ወይም ግራ፣ ስንት ሥር፣ በአኦርታ ፊት ወይም ኋላ ብሎ ይጻፍ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክፍላችን የራሱ መዝገብ ይኖረዋል። መምህሮቻችንንም በአክብሮት የምንለምነው፣ በፈተና ላይ «መጽሐፉ ምን ይላል?» ከሚለው ቀጥሎ «በጠረጴዛችሁ ላይ ምን አገኛችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩልን ነው። ያን ጊዜ ተማሪው ያየውን ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም።

እኔ የቆረጥሁት ሥር አይመለስም፤ ስለ እርሱ የቀረ ሥዕልም የለም። በዚህ አሳብ የማይስማማ ቢኖር በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ የሚስማማ ግን ነገ ወደ ክፍሉ ሲገባ ደብተር ይዞ ይግባ።

አንድ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ