ይሉኝታና ሕሊና

ሐምሌ 5 ቀን ጾመ ሐዋርያት የሚፈታበት፣ የቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ መታሰቢያ በዓል ነው። ዕለቱ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ሌላም ትርጉም ነበረው፤ የጓሳ ሣር በተከፈተበት ዓመት ሕዝቡ ከብቱን ይዞ ከጓሳ የሚወጣው በዚሁ በዓል ነበር።

መንዞች ጓሳን ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የጠበቁት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ባለርስቶቹ አባ ቄራ ይመርጣሉ፤ ሣሩ እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጋል፤ ደንቡን የተላለፈ ይቀጣል። ቅጣቱ ጽኑ ቢሆንም ያን ሰፊ ብርዳም ደጋ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ዘበኛ ከቶ አይገኝም። በአዲስ ጓሳ የተከደነ ጎጆ ግን ከጎረቤት አይሰወርም፤ ባለቤቱም በደጀ ሰላም፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ቀና ብሎ ሰው ማየት ያፍራል። አባቶቻችን ይህን ይሉኝታ ይሉታል። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ሳቢያ ቄሮ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ ኋላም ኅብረተሰቡ የራሱን ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ።

ይሁን እንጂ ይሉኝታ ሁልጊዜ ወደ በጎ አይመራም። ወንድሙ የተገደለበትን ሰው «ደምህን ሳትመልስ» እያለ የሚያሸማቅቀውም ያው የጎረቤት ዐይን ነው። የሰው ነቀፋ ከሌብነት እንደሚያግድ ሁሉ የሰው ውዳሴም ነፍስ ያስጠፋል። ሳውል የእስጢፋኖስን ወጋሪዎች ልብስ ሲጠብቅ ከሸንጎው የነቀፈው አልነበረም፤ የወቀሰው በደማስቆ መንገድ የሰማው ድምፅ ነው። ጴጥሮስንም ሰውን መፍራት ጌታውን አስካደው፤ ዶሮ ሲጮኽ ግን ሕሊናው አስለቀሰው።

እንግዲህ ይሉኝታን የሚዳኘው ሕሊና ሊሆን ይገባል። ሌባን እንደምንነቅፍ ሁሉ በቀልን የሚያወድሰውንም እንንቀፍ። በሽማግሌ ፊት ደሙን ያደረቀውን ሰው ፈሪ አንበለው። ያጠፋውም ንስሐ ሲገባና ሲክስ በሩን አንዝጋበት፤ ጴጥሮስ ከካደ በኋላ በጎችን እንዲጠብቅ ታዟልና። መመለሻ ያጣ ሰው የሚያፍርለት ጎረቤት አይኖረውም።

ልጆቻችን ነውርንና ክብርን የሚለዩት በማዕድ ዙሪያ ማንን እንደምናመሰግን እየሰሙ ነው። ዛሬ ጾሙን ስንፈታ አንደበታችንን እንጠብቅ።

በዓሉን የሰላምና የይቅርታ ያድርግልን።