የቤተሰብ ዓምድ፦ ከኦፕራሲዮን በፊት እህታችን በኬሞ ስትደክም

የዛሬው ጉዳያችን ትንሽ ከበድ ያለ ነው። ካኩማ ካምፕ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ክትባት ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል፤ ካንሰርን ግን አሁንም "ያ በሽታ" እያልን በሹክሹክታ ነው የምናወራው። እዚህ ስደት ላይ ደግሞ እናት አባት አገር ቤት ቀርተዋል፣ ወይም በሕይወት የሉም። አስታማሚ ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ወንድም ወይም እህት ነው። የምንጽፈውም ለእነሱ ነው። ምሳሌያችን የጡት ካንሰር ይሁን፤ አስታማሚው ወንድም ቢሆን፣ ታማሚው ወንድ ቢሆንም አብዛኛው ነገር ያው ነው።

ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ለምንድነው ቶሎ ቆርጠው የማያወጡላት?" ብሎ ነው። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ወይም ወደ ብብት ዕጢዎች ከተሻገረ ሐኪሞች ቀድመው ኬሞ ይሰጣሉ። መድኃኒቱ እብጠቱን ያሳንሰዋል፤ ሊወጣ የማይችለው የሚወጣ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጡቱን በሙሉ ማንሳት ሳያስፈልግ ይቀራል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ለዚህች ሰው ይሠራል አይሠራም የሚለው በዓይን ይታያል። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ዘገየ ማለት ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል ማለት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዙር በኋላ ነው። በእግሯ ሄዳ የመጣች ሰው ጀሪካን ማንሳት ያቅታታል። ያኔ ጎረቤት ሁሉ "በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው የሚገድላት፣ አስቁሟት" ይላል። እሷም ትሰማለች፤ "ይብቃኝ" ትላለች። እኛ የምንለው እንዲህ ነው፤ ድካሙ እውነት ነው፣ ስንፍናም ቅብጠትም አይደለም፣ ነገር ግን ያልፋል። መሀል ላይ የተቋረጠ ሕክምና ግን እንደገና ለማስጀመር እጅግ ከባድ ነው። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሪፈራል መመሪያ መሠረት ለከባድ ሕመም ወጪ የሚፈቀደው የመዳን ተስፋው ከወጪው ጋር ታይቶ ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ ያገኘች እህት በየቀኑ የማይገኝ ዕድል አግኝታለች። ማቆም ከፈለገች ውሳኔው የራሷ ነው፤ ግን ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ይሁን እንጂ በቡና ላይ ወሬ አይሁን። ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን መጠን ማስተካከል ወይም ጠንከር ያለ የማስታወክ መከላከያ መስጠት ይቻላል፤ ካልነገረቻቸው ግን አያውቁም።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠሩ እንምጣ፤ አስታማሚ ከሌላው ሁሉ በላይ ይህን ቢያውቅ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ኬሞው በየ21 ቀኑ ነው። ከተሰጠበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በጣም ዝቅ ይላሉ። እነዚህ የሰውነት ወታደሮች ናቸው። ወታደሩ በሌለበት ሰዓት ትንሿ ጀርም በአንድ ሌሊት ትገድላለች። ቀኖቹን በካላንደር ላይ፣ ካላንደር ከሌለ በግድግዳው ላይ በከሰል አክብቡባቸው።

በእነዚያ ቀናት የሰውነቷ ሙቀት 38 ከደረሰ ቀንም ይሁን ሌሊት ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ነው። የካኩማ ፀሐይ ነው፣ ወባ ነው ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወባም ሊሆን ይችላል፤ ይመርመሩላት፤ ግን ለወባ ብቻ መርምረው "ነጻ ናት" ብለው እንዳይመልሷት በር ላይ ገና ስትደርሱ "ኬሞ ላይ ናት፣ የመጨረሻውን የወሰደችው በዚህ ቀን ነው" በሉ። ወረቀቷን አሳዩ። ሳትለኩ ፓናዶል አትስጧት፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ከሌለ ከዕድሩ ገንዘብ አንድ ቢገዛ ከብዙ ነገር ይበልጣል። ብርድ ብርድ ካላት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ከድድና ከአፍንጫዋ ደም ከመጣም እንዲሁ ሂዱ።

ስለ ጥየቃ ሳናነሳ አናልፍም። በእኛ ባህል ታማሚን አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ሰው ሕፃኑን አዝሎ፣ ጉንፋኑን ይዞ፣ ዳቦውን ተሸክሞ ይመጣል። አንዲት ላስቲክና ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ይሳማል፤ ያለቅሳል። እሷ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ብላ ከአልጋዋ ትነሳለች። ይህን ማስቆም የወንድም ወይም የእህት ሥራ ነው፣ የታማሚዋ አይደለም። አንዳንድ ቤተሰቦች ያደረጉትን ወደነዋል፤ ቡናው ደጅ ከዛፉ ሥር ይፈላል፣ እንግዳው እዚያው ይስተናገዳል፣ እሷም ካሰኛት ወጣ ብላ ራቅ ካለ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐኪም መሳሳም ከልክሏል" ማለት ማንንም አያስቀይምም። ጥፋቱን ሁሉ በሐኪሙ ላይ አድርጉት፤ ሐኪሙ እዚህ ስለሌለ አይከፋውም። ጠያቂዎችም ብትሆኑ እስቲ አስቡበት፤ እጅ መንሻችሁ አንድ ጀሪካን ውኃ ወይም አንድ እንጨት እስር ይሁን።

ምግብ ላይ ከራሽኑ በላይ መመኘት እንደማይቻል እናውቃለን፣ እሱም ቢሆን ተቀንሷል። ባለው ማድረግ የሚቻለው ይህ ነው። ማቅለሽለሹን የሚያባብሰው የምግብ ሽታ ስለሆነ ከእሷ ራቅ ብላችሁ አብስሉ፤ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ሽታው ያንሳል። በቀን ሦስት ጊዜ ሞልቶ ከማቅረብ ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስላሳ ገንፎ፣ አልጫ ምስር፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ጥሩ ናቸው። በርበሬ አፏን ያቃጥለዋል፤ ተዉት። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ የፍየል ወይም የግመል ወተት በፍጹም አይሆንም። አፏ ከቆሰለ አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት ውኃ ውስጥ ጨው ጥቂት ጨምራችሁ በቀን ብዙ ጊዜ ትጉመጥመጥ። ጾምን በተመለከተ ክርስቲያኑ ነፍስ አባቱን፣ ሙስሊሙ ሼኹን ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። ጸበልም ቢሆን ከመጠጣቷ በፊት እነዚያ የተከበቡት ቀናት ይለፉ። ፌጦና ጥቁር አዝሙድን የመሰለ የባህል መድኃኒት ከወሰደች ለሐኪሟ ትንገር፤ ደም መርጋትን ወይም ጉበትን የሚነካ አለና።

ሁለት ነገር ሰው ያስደነግጣል። አንደኛው ሽንት ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ራሱ ቀይ ስለሆነ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንቷ ይቀላል፤ ደም አይደለም። ከኬሞው በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ግን ሽንትና ትውከት መድኃኒቱን ስለሚይዝ የምታጸዱት በጓንት፣ ካልተገኘም በፌስታል እጃችሁን ሸፍናችሁ ነው፤ ነፍሰ ጡር አትንካው። ሁለተኛው ፀጉር ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ይረግፋል፣ ሕክምናው ሲያልቅ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ራሷን ከተላጨች "ማን ሞተባት?" ነው ጥያቄው። ሻሽ ያዘጋጀላት ወንድም ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ከሁሉም የሚከብደን መደበቅ ነው። "እትዬ ስሙን ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች፣ ዝም ብላችሁ አክሙልኝ" የሚል ወንድም ብዙ ነው። ፍቅር ነው፣ እናውቃለን። ነገር ግን በኦፕራሲዮን ፈቃድ ወረቀት ላይ የምትፈርመው እሷ ናት። ምን እንደሚወሰድባት ሳታውቅ ልትነቃ ነው? ፀጉሯ ረግፎ፣ አጠገቧ የተኙት ሁሉ ኬሞ ላይ ሆነው፣ በእርግጥ አታውቅም ብላችሁ ታስባላችሁ? ብዙ ጊዜ ታውቃለች፤ ለእናንተ ብላ ነው የምትደብቀው። እኛ ይነገራት እንላለን፤ በአንድ ቀን ሁሉም ባይሆን እንኳ "እህቴ፣ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?" ተብላ ትጠየቅ።

የመጨረሻው ኬሞ ካለቀ በኋላ ኦፕራሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ደሟ እስኪያገግም ይጠበቃል። እነዚያ ሳምንታት ዝም ብሎ መተኛ አይደሉም። ጠዋትና ማታ ፀሐዩ ሲበርድ እስከ ቧንቧው ድረስ በእግሯ ደርሳ ትመለስ፤ አንድ ቀን ግማሹን መንገድ ብቻ ብትሄድም ይቆጠራል። ሲጋራ ካለ ይቁም። እናንተ ደግሞ ሙቭመንት ፓሱ የሚያልቅበትን ቀን ከቀጠሮው ጋር አስተያዩ፤ ሎድዋር ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኤልዶሬትና ናይሮቢ ደግሞ ከዚያ በጣም ይርቃሉ፤ በወረቀት ምክንያት ቀጠሮ ካለፈ ወረፋው እንደገና ነው። ደም የሚሰጥ ሰው ቢጠየቅ ማን እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አስታማሚውም ሰው ነው። ሌሊት ተቀምጦ ቀን ኢንሴንቲቭ ሥራ የሚሄድ ወንድም ሦስት ወር አይዘልቅም። እህቱን ማጠብ ለእሱም ለእሷም ያሳፍራል፤ ይህን ለጎረቤት ሴቶች ተዉላቸው፣ ጠይቋቸው፣ እሺ ይላሉ። ዕድሩ በቀብር ቀን ድንኳን እንደሚተክለው ሁሉ በሳምንት ሁለት ሌሊት ተራ ቢያወጣ ደንቡ አይከለክልም።

በሚቀጥለው እትም ከኦፕራሲዮን በኋላ ስላለው የቁስል አያያዝና ስለ ክንድ እብጠት እንመለሳለን። ጥያቄ ያላችሁ በማኅበረሰቡ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልን፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም።