ድመት በነፃ አትኖርም

«ድመት ምን ወጪ አላት? አይጧን ይዛ ትበላለች፤ ፍርፋሪ ከተገኘ ደግሞ ትጠግባለች፡፡» ይህ አነጋገር በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ በየግቢው ሲነገር የኖረ ነው፡፡ በማደሪያችንም ሲነገር ሰምተነዋል፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አነጋገሩ ትክክል አለመሆኑን ማሳየት ነው፡፡ ነገ ልጆች ፊት ቆመን ስለ ቤት እንስሳት የምናስተምረው እኛ ነንና በጉዳዩ ላይ ጠንከር ያለ አቋም ልንይዝ ይገባናል፡፡

በቅድሚያ ግቢውን እንይ፡፡ እንደሚታወቀው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ድርጅት ስም ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ በዙሪያው ጭቃ ቤቱ እየተጠጋጋ ሄደ፡፡ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ ብዙው ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ፡፡ አምስትና ስድስት አባወራ በአንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ተጋርቶ መኖር የሰፈሩ ወግ ሆኖ ቆየ፡፡ በቂርቆስም እንደዚሁ ነው፡፡

በእንዲህ ያለ ግቢ አይጥ አይጠፋም፡፡ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ነው፤ ጤፉ በጆንያ፣ በርበሬው በቁና ተቀምጧል፡፡ ስለዚህ ድመት ትፈለጋለች፡፡ አንዷ እናት ግልገል ታመጣለች፤ ውሮ ትባላለች፤ በሁሉም ቤት ትገባለች፣ በሁሉም ጣራ ትሄዳለች፡፡ ለመሆኑ የማን ናት? «የግቢው ናት» ይባላል፡፡ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ አይጥ ስትይዝ የሁሉም ናት፤ ስትራብ፣ ስትታመም፣ ስትወልድ ግን የማንም አይደለችም፡፡

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፡፡ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ምግብ ያስፈልጋታል፡፡ አንዲት ትንሽ አይጥ የምትሰጠው 30 ያህል ነው፡፡ እንግዲህ በአይጥ ብቻ ትኑር ከተባለ፣ ሳታቋርጥ በየቀኑ ሰባትና ስምንት አይጥ መያዝ አለባት ማለት ነው፡፡ በየቀኑ ስምንት አይጥ የሚያዝበት ግቢ ካለ፣ እዚያ የሚያስፈልገው ድመት ሳይሆን ሌላ ዘመቻ ነው፡፡ ብዙ ጊዜ አይጥ የምትይዘው ድመት የተራበችው ናት የሚባለውም አሳማኝ አይደለም፡፡ ድመት የምታድነው በተፈጥሮዋ ነው፤ የጠገበችውም ታድናለች፡፡ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም የተባለው በከንቱ አይደለም፡፡

«ፍርፋሪ ይበቃታል» የሚለውስ? ድመት እንደ ውሻ በእንጀራ ፍርፋሪ የምትኖር አይደለችም፡፡ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ድመት በሰውነቷ ውስጥ የሚበቃትን ያህል መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ወይም ከዓሣ ማግኘት አለባት፡፡ ለረጅም ጊዜ ስታጣው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል፡፡ ከዚህም ባሻገር የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፡፡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ፡፡ በደግነት የተጣለላት የወጥ ፍትፍት ቀስ በቀስ የሚያደክማት ሊሆን ይችላል፡፡ ወተትም ቢሆን ለብዙ አዋቂ ድመት ተቅማጥ ያመጣል፤ የሚሻላት ንጹሕ ውሃ ነው፡፡

እንግዲህ በቀን 150 ግራም ያህል የተቀቀለ ሳንባ፣ ቁርጥራጭ ሥጋ ወይም ዓሣ ትፈልጋለች ብለን ዝቅ አድርገን እንቁጠር፡፡ በወር 4 ኪሎ ተኩል፣ በዓመት ወደ 55 ኪሎ ይጠጋል፡፡ በደንብ የተያዘች ድመት 12 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች፡፡ በ12 ዓመት ከስድስት ኩንታል በላይ ሆነ ማለት ነው! ግልገሏ በመዳፍ ላይ ስትቀመጥ ይህ ሁሉ አይታየንም፡፡

በዚህ ላይ የጾሙ ነገር አለ፡፡ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፡፡ በእነዚህ ቀናት የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ በጾመኛው ቤት ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይገባም፡፡ ድመት ግን አትጾምም፡፡ በፍስክ ከገበታችን የሚተርፈው አጥንትና ጅማት ወጪውን ይሸፍንልን ነበር፤ በጾም ግን ትርፍራፊ ስለሌለ እውነተኛው ወጪ ይገለጣል፡፡ 150 ግራም በ55 ቀን ሲባዛ 8 ኪሎ ሩብ ይሆናል፡፡ ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ቤት ድመቷን ሽሮ አብልቶ ያከርማታል፤ ወይም ወደ ጎረቤት ሌማት ይሰዳታል፡፡ ከዚያ «ሌባ ድመት» ተብላ በድንጋይ ትባረራለች፡፡ ሌብነቱን ያስተማራት ማን ሆነና ነው? ጎረቤት ሙስሊም ቤተሰብ ካለ ተነጋግሮ ማብላት ይቻላል፤ ለጾሙ ቀን የደረቀ ዓሣ ቀደም ብሎ መግዛትም ይቻላል፡፡ ዋናው ነገር ማሰብ ነው፡፡

ሁለተኛው ኃላፊነት የግልገሎቹ ነው፡፡ ድመት ገና ስድስት ወር ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፡፡ እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው፡፡ በዓመት ሁለት ጊዜ ብትወልድና በየጊዜው አራት አራት ብታደርግ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስምንት ግልገል ተቆጠረ፡፡ ለስምንት ግልገል ስምንት ቤት ይገኛል? አይገኝም፡፡ ስለዚህ ምን ይደረጋል? ሁላችንም እናውቃለን፤ በማዳበሪያ ቋጥሮ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ወይም ወንዝ ዳር ማስቀመጥ ነው፡፡ ብዙ ጊዜም ይዘህ ሂድ ተብሎ የሚላከው ልጅ ነው፡፡ ልጁ ከዚህ መልእክት ምን ተምሮ ይመለሳል? ወረቀት ላይ «ለእንስሳት ማዘን» ብለን የምንጽፈውን ትምህርት ያ ማዳበሪያ ያጠፋዋል፡፡ መፍትሔው ሴቷን በእንስሳት ሐኪም ማስመከን፣ ወንዱን ማስኮላሸት ነው፡፡ ወጪ አለው፤ ነገር ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፡፡

ሦስተኛው የጤና ጉዳይ ነው፡፡ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ነው፤ ድመትም ግን ይዟት ወደ ሰው ታስተላልፋለች፡፡ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን በክትባት ከዚህ በሽታ ካዳነ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፡፡ በጉለሌ ያለውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሕዝባችን ዛሬም «ፓስተር» የሚለው በእሱ ስም ነው፡፡ ነገር ግን በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፡፡ ስለዚህ ድመት ሦስት ወር ሲሞላት መከተብ፣ ክትባቱንም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ማደስ አለባት፡፡ የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቢኖር ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፡፡ «ድመት እኮ ናት፣ ምን ታመጣለች» ብሎ መቀመጥ አደጋ ነው፡፡

ከዚሁ ጋር የዓይነ ምድሯ ነገር አለ፡፡ በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ለእርጉዝ ሴት ጽንስ አደገኛ ነው፡፡ ተሕዋሱ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅበት፣ አመድ ወይም አሸዋ በካርቶን አዘጋጅቶ በየቀኑ ማጽዳት አብዛኛውን አደጋ ያስቀራል፡፡ ሥራው እርጉዟ ሴት እንድትሠራው አይደለም፤ የባል ወይም የሌላ የቤቱ ሰው ነው፡፡ በአንድ ግቢ ብዙ ሕፃን አፈር ላይ ሲጫወት የሚውል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የባለ ድመቷ ብቻ ሳይሆን የግቢው ሁሉ ነው፡፡ የአይጥ መርዝም እንደዚሁ፡፡ አንዱ ቤት መርዝ ሲያደርግ፣ የተመረዘችውን አይጥ የበላች የሌላው ቤት ድመት ትሞታለች፡፡ መርዝ የሚያደርግ ለጎረቤት መናገር አለበት፡፡

«ለሰው ያልተረፈ ለድመት? ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ስለ ድመት ምሳ መጻፍ ቅንጦት አይሆንም ወይ?» የሚሉን ወንድሞችና እህቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችን ግን ግልጽ ነው፡፡ ሁሉም ሰው ድመት ያሳድግ አላልንም፡፡ እንዲያውም ኑሮ በመወደዱ ምክንያት፣ ከማምጣታችን በፊት እንቁጠር ነው ያልነው፡፡ ያልቻለ ሰው አለማምጣቱ ጭካኔ አይደለም፤ አምጥቶ ማስራብ ነው ጭካኔው፡፡ በክርስትናም ሆነ በእስልምና እንስሳን ይዞ መበደል ኃጢአት መሆኑን ሽማግሌዎቻችን አስተምረውናል፡፡ ከዚህም ሌላ ብቻውን ያልቻለ ተባብሮ ይችላል፡፡ 150 ግራም ለአምስት ቤት ሲካፈል ለአንዱ 30 ግራም ይደርሰዋል፡፡ ይህ ከአንድ ጉርሻ አይበልጥም፡፡ ግቢው ለዕድርና ለዕቁብ ደብተር ይይዝ የለም እንዴ? ለክትባቷም ዕጣ ማውጣት አያቅተውም፡፡

ነገሩን ዛሬ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ነዋሪ በብዛት ተነሥቶ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደ፡፡ ሰው ዕቃውን በመኪና ጫነ፤ ውሻው በገመድ ተሳበ፡፡ «የግቢው» የተባለችው ድመት ግን ግቢው ሲፈርስ ባለቤት አልነበራትም፡፡ በዚያ መንገድ ያለፍን ሠልጣኞች ከቆርቆሮውና ከፍርስራሹ መካከል ተቀምጠው የሚጠብቁ ድመቶችን አይተናል፡፡ የሚጠብቁት ማንን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፡፡ ድመት ከሰው ይበልጥ ቤት ትወዳለች ይባላል፤ ይህ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፡፡ ቤት ስንቀይር አየር በሚገባው ካርቶን ወይም ቅርጫት ማጓጓዝ፣ በአዲሱ ቤትም ሁለትና ሦስት ሳምንት በር ዘግቶ ማለማመድ ያስፈልጋል፡፡ አለዚያ ወደ ድሮው ሰፈር ልትመለስ ስትል መንገድ ላይ ትቀራለች፡፡ ነዋሪው በዚያ ጭንቀት መካከል ይህን ባያስብ አንፈርድበትም፡፡ ነገር ግን ባለቤትነቱ ቀድሞ በውል ታውቆ ቢሆን ኖሮ፣ ካርቶን የሚያዘጋጅ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር፡፡

ታዲያ እኛ መምህራን ምን እናድርግ? ስለ ቤት እንስሳት በምናስተምርበት ሰዓት ሰሌዳው ላይ «ላም ወተት ትሰጣለች፣ ድመት አይጥ ትይዛለች» ብለን ጥቅማቸውን እንዘረዝርና እናቆማለን፡፡ የሚሰጡንን እንጂ የሚጠብቁብንን አንጽፍም፡፡ ስለሆነም ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን፡፡ አንደኛ፣ በትምህርት ልምምድ ስንወጣ ከ«ጥቅማቸው» ጎን «ከእኛ የሚፈልጉት» የሚል ሁለተኛ ዓምድ እንጨምር፡፡ ሁለተኛ፣ የድመቷን ሒሳብ የሒሳብ ትምህርት እናድርገው፤ ማባዛትና ማካፈል የሚማር ልጅ 150ን በ30 ሲያባዛ ኃላፊነትንም ይማራል፡፡ ሦስተኛ፣ ስለ ንክሻና ስለ ቁስል ማጠብ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሳያጠና ወደ ገጠርም ሆነ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት አይሂድ፤ የልጅ ሕይወት የሚያድን ዕውቀት ነውና፡፡

መምህሮቻችን በዚህ ላይ ቢያርሙን ወይም ቢጨምሩልን ደስ ይለናል፡፡ «ድመት በነፃ ትኖራለች» የሚል ሠልጣኝ ካለም ሒሳቡን ይዞ ይምጣ፤ በሚቀጥለው እትም ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ቦታ እንለቅለታለን፡፡