የጣሳው ወለል፣ የማዳበሪያው ወገብ፦ የማገዶና የከሰል ስፍር ለማን ያደላል?

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ እምብርት የሚገኘው ምን አለሽ ተራ የአሮጌ ዕቃ መናኸሪያ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብረት፣ በርሜል፣ ቆርቆሮ፣ ጀሪካንና ጆንያ እዚህ ይራገፋል። በርሜሉ ተቆርጦና በመዶሻ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ያገለገለው ጣሳና ጆንያም ሌላ ገዥ ያገኛል። ከዚህ ተራ የሚወጣው ዕቃ ግን ማብሰያና መያዣ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በጉልት ላይ ሲቀመጥ መስፈሪያ ይሆናል። የጀበና ቡና የምታፈላ እናት በየጠዋቱ የምትገዛው ከሰል የሚለካው በዚሁ ጣሳ፣ በፌስታል፣ በመደብ ወይም በማዳበሪያ ነው።

ጥያቄው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ማገዶና ከሰል ሲሸጥ የሚጠራው ስም የመያዣው ስም እንጂ የመጠኑ ስም አይደለም። «አንድ ማዳበሪያ»፣ «አንድ ሸክም»፣ «አንድ ጣሳ» ሲባል ሻጭና ገዥ በቃሉ ይግባባሉ፤ በመጠኑ ግን ላይግባቡ ይችላሉ።

ለአብነት ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣሳ እንውሰድ። ወለሉ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ጣሳው ከሚይዘው አንድ አሥረኛውን ያጣል። በዚህ ጣሳ አሥር ጊዜ የተሰፈረላት ገዥ የአሥር ከፍላ የዘጠኝ ይዛ ትሄዳለች። ጣሳው ከውጭ ሲታይ ግን ያው ጣሳ ነው።

የማዳበሪያው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በአማራ ክልል አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ያሉ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ተክለው፣ በአምስት ዓመት ገደማ ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ። ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ እስከ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይጓዛል። በጉዞው መሐል የእጅ ለውጥ እንጂ የስም ለውጥ የለም፤ በማሳው ላይም በከተማውም «አንድ ማዳበሪያ» ይባላል።

የማዳበሪያ መጠን የሚወሰነው በቁመቱ ብቻ ሳይሆን በወገቡም ነው። ወገቡ በትንሹ ሲጠብ መጠኑ በብዙ ይቀንሳል። ከአርሶ አደሩ የሚረከቡበት ማዳበሪያ ዙሪያው 120 ሳንቲ ሜትር፣ በከተማ የሚቸረችሩበት ደግሞ 108 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቁመታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም አይታይም። በስሌት ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን 81 በመቶ ብቻ ይይዛል። በ100 ማዳበሪያ የተገዛው ከሰል በከተማ 123 ማዳበሪያ ይወጣዋል ማለት ነው። አርሶ አደሩ የ23ቱን ዋጋ አላገኘም፤ የከተማው ነዋሪ ደግሞ ያላገኘውን ከሰል ዋጋ ከፍሏል። ሁለቱም ወገኖች በዋጋ መናር ይማረራሉ እንጂ ወገቡን የለካ የለም።

«ታዲያ ሁሉም በሚዛን ቢሸጥስ?» የሚል ይኖራል። ለማገዶ እንጨት ሚዛን ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ዛሬ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ 100 ኪሎ ግራም እንጨት ደርቆ የውኃ ድርሻው ወደ አንድ አምስተኛ ሲወርድ 62 ኪሎ ግራም ተኩል ብቻ ይመዝናል። እርጥቡን በኪሎ የገዛ ሰው 37 ኪሎ ግራም ተኩል ውኃ በእንጨት ዋጋ ገዝቷል። ያ ውኃ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እስኪተን ድረስ ሙቀቱን ይሻማል፤ ጭሱም የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በሚዛን መሸጥ አድርቆ የሚያቀርበውን ሻጭ ይቀጣል፤ እርጥቡን የሚያቀርበውን ይክሳል።

እንጨት ሲደርቅ ክብደቱን እንጂ ይዘቱን ብዙ አይቀንስም። ብዙ አገሮች ማገዶን በይዘት የሚለኩት በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 ለማገዶ ብለው «ስቴር» የተባለ መለኪያ ደነገጉ፤ ይህም አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ የተደረደረ እንጨት ነው። በአሜሪካ ደግሞ «ኮርድ» የተባለው፣ 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆን ድርድር ይሠራበታል። በሁለቱም ዘንድ ዋናው ቃል «የተደረደረ» የሚለው ነው። ቀጥ ያለ ግንድ በሚገባ ተደርድሮ እንኳ ከአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ እንጨቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ነው፤ የቀረው አየር ነው። እንዲሁ የተወረወረና የተጣመመ እንጨት ሲሆን አየሩ ይበዛል።

አዲስ አበባ የማገዶን ዋጋ ከቆየ ታሪኳ ታውቀዋለች። በአፄ ምኒልክ ዘመን በዙሪያዋ ያለው ደን አልቆ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማዋን ከማገዶ እጦት ያወጣት በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ ዘመናት የከተማዋን ምጣድ አሙቀዋል። የእነርሱ ሸክም ግን የሚተመነው በገዥው ዓይን ነበር።

ሸክምን ለመለካት የሚያስፈልገው ገመድ ብቻ ነው። የታሰረውን እንጨት ዙሪያ በሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን በርዝመቱ ማባዛት፣ በመጨረሻም ለ12.5 ማካፈል ይበቃል። ዙሪያው 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ሸክም 0.16 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስድስት እንዲህ ያሉ ሸክሞች አንድ ሜትር ኩብ ሊሞሉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ባሕር ዛፉን ቆርጦ የሚሸጥ አርሶ አደርም ክብ ግንዱን በዚሁ ስሌት ለክቶ ከነጋዴው ጋር በቁጥር መነጋገር ይችላል።

ከሰል ከእንጨት ይለያል። የግራር ከሰል ከባሕር ዛፍ ከሰል ይከብዳል፤ በእኩል ጣሳ እኩል ሙቀት አይሰጡም። ስለዚህ ደረቅ ከሰልን በሚዛን መሸጥ ለገዥም ለሻጭም ይበጃል፤ ውኃ እንዳልተረጨበትና ድቃቂው ከሥር እንዳልበዛ ማየት ግን የግድ ነው። ሚዛን በሌለበት ደግሞ ሊትሩ የታወቀ መስፈሪያ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ የሜትሪክ መለኪያን በሕግ የተቀበለችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት ከዘይትና ከስኳር አልፎ እስከ ከሰል ጉልት መድረስ ይኖርበታል።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በርሜል ቆርጦ ምድጃ የሚሠራው የምን አለሽ ተራ ባለሙያ ባለ 5 እና ባለ 20 ሊትር መስፈሪያ መሥራት አይሳነውም። የሚጎድለው መጠኑን የሚያረጋግጥና ማኅተም የሚያሳርፍ የንግድ ቢሮ፣ በየገበያው መግቢያም አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት መደርደሪያ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ ከሰል የሚያስረክቡበትን ማዳበሪያ ቁመትና ዙሪያ በውላቸው ቢያሰፍሩ፣ አባሎቻቸው በየዓመቱ ሳያውቁት የሚያጡትን ገንዘብ ያስቀራሉ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። በማገዶ ገበያ ግን ቁናው ራሱ ገና አልታወቀም። አርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪ ስለ ዋጋ ከመከራከራቸው በፊት ስለ ቁናው ሊስማሙ ይገባል።