ልጆቻችንን ከተማ የሚያሳያቸው ማን ነው?

ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ቤተሰብ የታወቀ ነው። አባት ለጉዳይ ይሄድበታል፤ እናት ለሕክምና ትመላለስበታለች፤ ነጋዴው ዕቃ ያመጣበታል፤ ወታደሩም ከግዳጅ ቦታው ወደ ቤቱ፣ ከቤቱም ወደ ግዳጅ ቦታው ሲመለስ ያልፍበታል። ልጆች ግን በዚህ መንገድ የሚጓዙት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ቢባል ከእውነቱ እምብዛም አይርቅም። አንደኛው ጉዞ ጨቅላ ሳሉ በእናታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው የሚያደርጉት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ካደጉ በኋላ፣ ከወላጅ ተለይተው፣ ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ፍለጋ የሚያደርጉት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን፣ ማለትም ከ13 እስከ 19 ዓመት የሚዘልቀው የጉርምስና ዕድሜ፣ ያለ ጉዞ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ክፍተት መሞላት እንደሚገባው፣ የሚሞላውም በወላጅና በልጅ የጋራ ጉዞ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአካል አዲስ አበባን አላየም ማለት ስለ አዲስ አበባ አልሰማም ማለት አይደለም። በእጁ በያዘው ስልክ የቦሌን ፎቆች፣ የምሽቱን መብራትና የአለባበሱን ዓይነት ሲመለከት ይውላል። ለበዓል ወደ ትውልድ ቦታው የተመለሰ የሰፈር ጓደኛም አዲስ ጫማውን እያሳየ የከተማውን ወሬ ያወራለታል። አንዳንድ ጊዜም ደላላ ይህንኑ ወሬ አጣፍጦ ያቀርብለታል። ነገር ግን ስልኩ የቤት ኪራይ አያሳይም፤ ጓደኛው ሦስት ሆነው በአንድ ፍራሽ ላይ እንደሚያድሩ አይናገርም፤ ደላላውም የሥራውን ሰዓት ርዝመት አይገልጽም። እንግዲህ ከተማን ለልጁ ወላጁ ካላሳየው ሌላ ሰው ያሳየዋል፤ ሌላው ሰው የሚያሳየው ደግሞ ለራሱ የሚጠቅመውን ጎን ነው።

ከወላጁ ጋር ሄዶ ያየ ልጅ ግን ሁለቱንም ጎን ይመለከታል። ፎቁን ሲያይ ከፎቁ ሥር በሌሊት ተጠቅልሎ የሚተኛውንም የዕድሜ እኩያውን ያያል። በማለዳ ለታክሲ የተሰለፈውን ሕዝብ ርዝመት ያያል። አንድ ክፍል ቤት በወር ስንት እንደሚከራይ ጠይቆ ይረዳል። ይህን ካየ በኋላ ወደ ከተማ ለመሄድ ቢወስን እንኳ የሚሄደው ዐይኑን ገልጦ ነው። በትውልድ ከተማው ሆኖ ለመሥራት ቢወስንም የቀረበት ነገር እንዳለ እየቆጠረ አይጸጸትም።

ይሁን እንጂ ልጆቻቸውን ይዘው የሚጓዙት ጥቂት ቤተሰቦችም ጉዞውን የሚመሩበት መንገድ ብዙ ጊዜ ዓላማውን የሚያስት ነው። እንደ ደንባችን ማረፊያው ዘመድ ቤት ይሆናል። ዘመድን መጠየቅ መልካም ልማዳችን ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን አራቱ ቀናት በሙሉ ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት፣ ከምሳ ወደ ቡና ሲዞሩ ያልቁና ልጆቹ ከከተማይቱ ያዩት ሳሎን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሴት ልጅ ላይ የሚደርሰው ነው። ወንድሟ ከአጎቱ ልጆች ጋር ሰፈሩን ሊያይ ሲወጣ እርሷ በእንግድነት በመጣችበት ቤት ሽንኩርት እንድትልጥ፣ ስኒ እንድታጥብ ይደረጋል። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከደሴ ተጉዛ፣ ወይም ሦስት መቶ ኃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከጅማ መጥታ፣ ከወጥ ቤት ወደ ወጥ ቤት የተዛወረች ልጅ ጉዞ አደረገች ሊባል አይቻልም። ነገ ብቻዋን ወደ ከተማ ብትመጣ መንገዱን፣ አደጋውንና መብቷን ከማንም ይበልጥ ማወቅ የሚያስፈልጋት እርሷ ናት። ስለሆነም ለዘመድ አንድ ቀን ይበቃል፤ የቀሩት ቀናት የወንድ ልጁም የሴት ልጂቱም በእኩልነት ይሁኑ።

ሁለተኛው ስሕተት ጉዞውን አባትና እናት ብቻ አቅደው ልጆቹን እንደ ሻንጣ ማስከተላቸው ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት በዚህ ጉዳይ ላይ ሊመራን አይገባም። ጎረምሳና ኮረዳ ያልመከሩበትን ነገር አኩርፈው ይከተላሉ፤ የመከሩበትን ግን ራሳቸው ይጠብቁታል። ከመነሻው ሳምንታት በፊት ጠቅላላው ገንዘብ በግልጽ ይነገራቸው። ይህን ያህል ለመጓጓዣ፣ ይህን ያህል ለመኝታ፣ ይህን ያህል ለምግብና ለመግቢያ ተብሎ በወረቀት ይጻፍ። አንደኛው ልጅ የሒሳብ ያዥነቱን፣ ሌላይቱ የመንገድ መሪነቱን ሥራ ይያዙ። የቤታቸውን ገቢ ልክ ያላወቀ ልጅ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ከልክ በላይ ነው፤ ሒሳቡን በእጁ የያዘ ልጅ ግን ለስላሳ ለመግዛት እንኳ ሁለት ጊዜ ያስባል።

ይህን የሠራዊቱ አባል ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ስንቁና ውኃው ሳይታሰብ፣ መንገዱ ሳይጠና፣ የመገናኛው ቦታና ሰዓት ሳይወሰን ጉዞ የሚጀምር ክፍል የለም። ለቤተሰብም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ልጆቹ በአንዱ ቀን ሁለት ሰዓት ያህል በራሳቸው እንዲዘዋወሩ ይፈቀድላቸው፤ ነገር ግን የሚገናኙበት ቦታ ማንም የማይስተው ሐውልት ይሁን፤ ሰዓቱም በደቂቃ ይወሰን። በሰዓቱ የደረሰ ልጅ እምነት እንዳገኘ ያውቃል፤ የዘገየም ሌሎች በፀሐይ ቆመው እንደጠበቁት ያያል። ከዚህ የበለጠ ምክር አያስፈልገውም።

ምን ይታይ የሚለውን ጥያቄ በምሳሌ መመለስ ይሻላል። ለአንዱ ቀን ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎ በኩል እስከ አራት ኪሎ በእግር መውረድ ይበቃል። ሳይቆሙ ቢሄዱት ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ እያዩ ቢሄዱት ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። በስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ዕለት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት የከተማውን ሕዝብ ጨፍጭፈዋል። ቦምቡ የተጣለበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከሐውልቱ ትይዩ ያለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ለትምህርት የተሰጠው ይህ ቤት ዛሬ ሙዚየም ይዟል። በግቢው ውስጥ ጣሊያኖች የሠሩት ደረጃ ይታያል። እርከኖቹ ፋሺስት በ1915 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያሉትን ዓመታት እንዲቆጥሩ የታሰቡ ነበሩ። ሠሪዎቹ ከተባረሩ በኋላ ግን በደረጃው ጫፍ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጁ ይህን በዐይኑ ካየ በኋላ ስለ ድል ረጅም ንግግር ማድረግ አያስፈልግም።

ጥቂት ዝቅ ብሎ በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሀዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ ቅሪተ አካል ቅጂ በዚያ ይታያል፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ለወጣቶች ግን ከድንቅነሽ ይልቅ የሰላም ታሪክ ይቀርባቸው ይሆናል። ሰላም በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ በኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት በዘረሰናይ ዓለምሰገድ በሚመራ ቡድን የተገኘች፣ ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ የነበረ ሕፃን ናት። የተገኘችውም በአገር ልጅ እጅ ነው። ከዚያ ተወርዶ አራት ኪሎ ሲደረስ ደግሞ የሚያዝያ 27 ሐውልት ይገኛል፤ ይኸውም የ1933ቱ ዓ.ም. ነፃነት መታሰቢያ ነው። ከየካቲት 12 ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ላይ የሚያልቀው ይህ አጭር የእግር መንገድ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ገጽ የሚፈጀውን ዘመን በአንድ ቀን ያስጨብጣል።

ሌላው ሊታለፍ የማይገባው ቦታ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከወደቁት ወጣቶች ብዙዎቹ ዛሬ ይዘናቸው የምንሄደው ልጆቻችን ዕድሜ ላይ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያሉ ነበሩ። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፎቶግራፎች የተማሪ ፊት ናቸው። ብዙ አያትና ብዙ ወላጅ ስለዚያ ዘመን በቤቱ ውስጥ ዝም ማለትን መርጧል፤ ዝምታውም የሚገባ ምክንያት ይኖረዋል። ነገር ግን ልጁ ከቤተሰቡ ሳይሰማ ያደገውን ነገር ከሌላ ሰው በጥላቻ ተለውሶ ሊሰማው ይችላል። በዚያ ግድግዳ ፊት ወላጅ ከልጁ ጎን ቆሞ የሚያውቀውን ያህል ቢነግረው፣ ባይችልም ዝም ብሎ አብሮት ቢቆም፣ ለልጁ ትልቅ ነገር ነው።

መርካቶም የራሱ ትምህርት አለው። በምናለሽ ተራ አሮጌው ብረትና በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃና የቤት ዕቃ ሲሆን ልጁ ቆሞ ይመልከት። የሥራን ክቡርነት በቃል ከመንገር ይህ ይሻላል። የቀረው ቀን ደግሞ ያለ ክርክር የልጆቹ ይሁን። ቦሌን ማየት ቢፈልጉ ቦሌ ይኬድ፤ እንጦጦ ላይ ወጥተው ከተማይቱን ከላይ ማየት ቢፈልጉ ይውጡ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚያ ብርዳም ተራራ ወደ ፍልውኃ በተደረገው መውረድ እንደሆነ፣ ስሙንም ያወጡት እቴጌ ጣይቱ እንደሆኑ ያን ጊዜ ቢነገራቸው ይሰማሉ። የራሳቸው ምርጫ የተከበረላቸው ልጆች ለወላጆቻቸው ምርጫ ትዕግሥት አያጡም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የገንዘብ ነገር ነው። ኑሮ በተወደደበት በአሁኑ ጊዜ አራት ወይም አምስት ሰው ይዞ መጓዝ ቀላል እንዳልሆነ ማንም አይክድም። ሆኖም ለአንድ የልደት ድግስ፣ ለአንድ የምረቃ ድንኳን፣ ተበድረን ጭምር የምናወጣውን ገንዘብ እናስታውስ። ከዚያ ላይ ጥቂት ቢቀነስና በየወሩ በዕቁብ ቢጠራቀም በዓመቱ መካከል፣ በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መሐል ባለው ዕረፍት፣ መጠነኛ ፔንሲዮን ውስጥ ሦስት ሌሊት ለማደር ሊበቃ ይችላል። ወቅቱም የተመቸ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናም አዲስ አበባን በእግር ማየት አይቻልምና። አቅሙ ለአዲስ አበባ ያልበቃ ቤተሰብ ደግሞ በአቅራቢያው ወዳለችው ትልቅ ከተማ ይሂድ፤ ጉዞውን ዋጋ የሚሰጠው አብሮነቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተማ ልጅን ያበላሻል የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ልጁ በራሱ መንገድ ከተማውን ማየቱ ስለማይቀር ጥያቄው ከማን ጋር ይየው የሚል ብቻ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከአባቱ ጎን ሆኖ ያለፈበትን ጎዳና በሃያ ዓመቱ ብቻውን ሲያልፍበት አባቱ ያለውን ያስታውሳል። ምንም ያልተባለ ልጅ የሚያስታውሰው የለውም።

በመጨረሻ በተለይ ለሠራዊቱ አባላት አንድ ቃል እንላለን። የወታደር ፈቃድ አጭር ነው። ትናንት ትቶት የሄደው ሕፃን ዛሬ ድምፁ ጎርንኖ ይቀበለዋል፤ ሴት ልጁም እናቷን አክላ ትጠብቀዋለች። በቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለመነጋገር ሁለቱም ያፍራሉ፤ አባት ስለ ትምህርት ውጤት ይጠይቃል፣ ልጅ «ደኅና ነው» ይላል፣ ጨዋታውም በዚያ ያበቃል። በአውቶቡስ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጓዙ ግን፣ መንገድ ተሳስተው አብረው ሲጠይቁ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ሲቆርሱ፣ ያልተጠየቀው ሁሉ ራሱ ይወጣል። ከፈቃዱ ላይ ሦስት ወይም አራት ቀን ለዚህ የሰጠ አባት ወደ ግዳጁ ሲመለስ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ አውቆ ይመለሳል። ልጆቹም ከቤት ርቆ የሚኖረው አባታቸው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያውቃሉ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የመጪው የትምህርት ዕረፍት ቀን ከአሁኑ ይቆጠር፤ ወረቀትና እርሳስም ለልጆቹ ይሰጣቸው። ዕቅዱን እነርሱ ይጀምሩት።