እርዱ ሐላል ነው፤ ኩሽናውስ ጠይብ ነው? የእንጅባራ ምግብ ቤቶችና የንጽሕና ቁጥጥር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እንጅባራ ላይ ወደ ቻግኒና ጉባ ከሚሄደው መንገድ ጋር ይገናኛል። ከተማዋ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ስለዚህ ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ለጉዳይ የመጣውም ሰው ምሳውን እዚያው ይበላል። ከእነዚህ መካከል ሙስሊም የሆነው ግን ምርጫው ጠባብ ነው። «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ወይም የጨረቃ ምልክት ፈልጎ ይገባል። ካገኘ በኋላ ሌላ ጥያቄ አያነሳም። እርዱ ሐላል ከሆነ ይበቃዋል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ሌላ የሚሄድበት ቦታ ከሌለው፣ ባለ ምግብ ቤቱን ወደ ንጽሕና የሚገፋው የገበያ ውድድር ይላላል። ከዚያ የሚቀረው የመንግሥት ቁጥጥርና የባለቤቱ አላህን መፍራት ብቻ ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ሰዎችን ሁሉ ሲያዝዝ ሐላልን ብቻውን አላነሳም፤ ጠይብ ማለትም መልካምና ንጹሕ ከሚለው ጋር አጣምሮታል። እኛ ግን የመጀመሪያውን አጥብቀን ይዘን ሁለተኛውን የዘነጋን ይመስላል።

ቁጥጥሩ የማን ነው?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአገሪቱን የምግብ ቁጥጥር የሚመራ ሕግ ነው። የፌዴራሉ ባለሥልጣን በዋናነት የሚያተኩረው በፋብሪካዎችና ወደ አገር በሚገቡ ምርቶች ላይ ነው። የሆቴሉ፣ የምግብ ቤቱና የሻይ ቤቱ ጉዳይ በክልሉ የጤና መዋቅር በኩል እስከ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ይወርዳል። የሃይጂንና አካባቢ ጤና ባለሙያው መጥቶ ውሃውን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ አያያዙን፣ የሠራተኞቹን የጤና ምርመራ ካርድና ጋውን ያያል።

በወረቀት ላይ በቂ ነው። በተግባር ግን ቁጥጥሩ የፈቃድ እድሳት ሰሞን ሥራ ሆኖ ሲቀር ኩሽናው የሚጸዳው ለዚያ ቀን ብቻ ይሆናል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ እየዘጋ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሥራ እያስተጓጎለ ቆይቷል። የኑሮ ውድነቱም በላዩ ላይ አለ። ገቢ ሲቀንስ ብዙ ባለ ምግብ ቤት መጀመሪያ የሚቀንሰው ሳሙናን፣ በረኪናንና የጽዳት ሠራተኛን ነው፤ ደንበኛው ወዲያው አያየውማ።

ዋጋው ምን እንደሆነ አገሪቱ በተደጋጋሚ አይታዋለች። በ2008 አዲስ አበባን ጭምር ያዳረሰው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አይረሳም። በነሐሴ 2014 ገደማ ከባሌ የተነሳው ኮሌራም በቀጣዮቹ ዓመታት አማራ ክልልን ጨምሮ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በተበከለ ምግብ ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420 ሺህ ይሞታል።

ከቢላዋው በፊትና በኋላ

እንጅባራ ኮሶበር ተብላም ትጠራለች። ስሟ የያዘው ኮሶ ወላጆቻችን ጥሬ ሥጋ ያመጣባቸውን የሆድ ትል ለማስወገድ አበባውን የሚጠጡት ዛፍ ነው። ትሉ ራሱ ኮሶ የተባለው ለዚህ ነው። የዛፉ ስም ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ያልተመረመረ ሥጋ ያሳምማል።

የሥጋ ምርመራ በአገራችን ከአዋጅ ቁጥር 274/1962 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው። ከብቱ ከመታረዱ በፊት በቁሙ፣ ከታረደ በኋላ ደግሞ ሥጋውና የሆድ ዕቃው በባለሙያ ይታያል። ነገር ግን ቄራ በሌለበት፣ ወይም ቄራው ለሙስሊም እርድ የተለየ ቦታ በሌለው ከተማ፣ ባለ ምግብ ቤቱ በጓሮው ያርዳል። ሐላሉን ለመጠበቅ ብሎ ምርመራውን ያጣል። ቢስሚላህ ተብሎ መታረዱ ሥጋውን ሐላል ያደርገዋል፤ የኮሶ ትል እጭን፣ የሳንባ ነቀርሳን ወይም አባ ሰንጋን መለየት ግን የእንስሳት ሐኪሙ ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሙስሊሙ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዲተው መገደድም የለበትም።

ኩሽናው ውስጥ

ከእርዱ በኋላ ያለው ትልቁ ጠንቅ ብዙውን ጊዜ መወልወያ ጨርቁ ነው። ጠዋት ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያ የጠረገው ጨርቅ፣ ቀን ላይ የእንጀራውን ትሪ ይወለውላል። በረኪና በላዩ መድፋትም መፍትሔ አይሆንም፤ ቅባትና ቆሻሻ ባለበት በረኪና ኃይሉ ይዳከማል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፍርፋሪውን ማንሳት፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በተበረዘ በረኪና መንከር፣ በመጨረሻም በጨርቅ ሳይነካ በራሱ እንዲደርቅ መተው። 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ሊትር ውሃ ይበቃል። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል ግን መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

የአየሩ ብርድም ያዘናጋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ «ብርድ ነው፣ አይበላሽም» ይባላል። ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ወጥ ግን በረዶ ውስጥ አይደለም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጀርሞች ይራባሉ። የትናንቱ ወጥ ለብ ብሎ ሳይሆን ውስጡ ድረስ ፈልቶ፣ ቢያንስ 70 ዲግሪ ደርሶ መቅረብ አለበት። በረመዷን ከዐስር ጀምሮ መንገድ ዳር ሳይሸፈን የሚደረደረው ሳምቡሳም ከዚህ አይለይም።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው አለ። በባሕር ዳር በ384 ምግብ አዘጋጆች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአሥሩ አራት ያህሉ የአንጀት ጥገኛ ትላትል እንዳለባቸው፣ ጥቂቶቹም የታይፎይድ ጀርም እንደተሸከሙ አሳይቷል። ብዙዎቹ ሕመም አይሰማቸውም። የሚሰማትም ብትሆን፣ በቀን ሂሳብ የምትሠራ እህት ተቅማጥ ይዟት ቤት ብትቀር የዕለት እንጀራዋን ታጣለች። ስለዚህ ደብቃ ትመጣለች። የሁለት ቀን ደመወዝ የከለከላት አሠሪ ሙሉ ከተማ ሊያሳምም ይችላል።

ለኛ አዲስ ያልሆነ ሥራ

የገበያ ቁጥጥር ለሙስሊሙ ባዕድ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥቡን ክፍል ሲያገኙ ሻጩን ገሥጸዋል፣ ማጭበርበርንም አጥብቀው አውግዘዋል። በኋላ ዘመን ሒስባ የተባለው ተቋም ሙሕተሲቡን በየገበያው ያዞር ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች በጻፈው መመሪያ፣ ዳቦ አቡኪው ሊጡን በእግሩ እንዳይረግጥ፣ አፉን እንዲሸፍን፣ ላቡ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን እንዲያስር፣ ዝንብ የሚያባርርለት ሰውም እንዲኖር ያዛል። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

እምነት የሚጣልበት ቁጥጥር

አንድ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ከተቃጠሉ ወዲህ በጎጃም ያለ ሙስሊም ነጋዴ የመንግሥት ባለሙያ በሩን ሲያንኳኳ ቢሠጋ የሚገርም አይደለም። ይህን ሥጋት የሚያስወግደው ቁጥጥርን መተው ሳይሆን ቁጥጥሩን ለሁሉም እኩል ማድረግ ነው። መለኪያው አስቀድሞ ታትሞ ለሁሉም ምግብ ቤት ይሰጥ። ጉድለቱ በጽሑፍ፣ ከማስተካከያ ቀነ ገደብ ጋር ይነገር። ከማሸግ በፊት ሥልጠናና ማስጠንቀቂያ ይቅደም። «ሃይማኖቴን ብሎ ነው» የሚለው ሰበብ የሚጠፋው ያኔ ነው፤ ከጥፋቱ መሸሸጊያ ያደረገውም ሰበብ ያጣል።

በኛ በኩል ያለውም ግልጽ ነው። መጅሊስ በ2012 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። በዞንና በከተማ ያለው መዋቅሩ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ተቀምጦ በሙስሊም አራጅ የሚከናወን፣ የእንስሳት ሐኪም የሚገኝበት እርድ እንዲመቻች መጠየቅ ይችላል። የጤና ባለሙያ የሆኑ ወንድሞችና እህቶች ከጁሙዓ በኋላ ባለ ምግብ ቤቶችን ሰብስበው የአንድ ሰዓት ሥልጠና ቢሰጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባለቤቶች የታመመች ሠራተኛን ከነክፍያዋ ያሳርፉ።

ደንበኛውም «እርዱ የማን ነው?» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ «እጅ መታጠቢያው የት ነው? ሥጋው ተመርምሯል?» ይበል። በክብር የተጠየቀ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ወላሁ አዕለም።